አልጋ ተብሎ ስለ መጣው ቡፌ፤ ለጎህ የቤት ዕቃዎች ማከፋፈያ ድርጅት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

መጋቢት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.
አንኮበር፣ ጎረቤላ

ለጎህ የቤት ዕቃዎች ማከፋፈያ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በስህተት የተላከልን ቡፌ በስህተት እንዲመለስልን ስለ መጠየቅ

የተከበሩ ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወገብዎና ጉልበትዎ የጸና እንዲሆን እኔና ባለቤቴ ወይዘሮ እናትነሽ ከልብ እንመኝልዎታለን። ስለ ወገብና ስለ ጉልበት አብዝቼ መመኘቴ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ፣ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ካገኙ ይረዱልኛል።

ከዚህ በፊት ሰባት ደብዳቤዎች በፖስታ አሽጌ ልኬልዎታለሁ። አንዱ በስድስት ወሩ መልስ አግኝቷል፤ ስድስቱ ተራቸውን እየጠበቁ መሆናቸው በአክብሮት ተነግሮኛል። ምናልባት የሚያዘገያቸው መታሸጋቸው ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ ይህን ስምንተኛውን ክፍቱን ጽፌዋለሁ። አንዱን ቅጂ በቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንድለጥፍ ሊቀ መንበራችንን ጠይቄ ወዲያው ፈቅደውልኛል። ሊቀ መንበራችን ከድርጅትዎ የምግብ ጠረጴዛ ካዘዙ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል።

እኔ ገብረጻድቅ ባፈና እባላለሁ። እዚሁ ጎረቤላ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ባለቤቴ እናትነሽ በጥቅምት ወር 1974 ዓ.ም. ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ጉም ባረጠበው ድንጋይ ላይ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ከአልዩ አምባ በርበሬና ጥጥ እያመጣ የሚነግደው ጎረቤታችን አብዱልጀሊል በቃሬዛ አሸክሞ ከመኪና አድርሶልን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሁለት ወር ተኛች። በምትወጣበት ቀን ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ እንዲህ አለኝ፦

«አጥንቱ ይዟል። ከእንግዲህ መድኃኒቷ መነሣት ነው። በየቀኑ ራሷ ከመኝታዋ ተነሥታ ካልቆመች መገጣጠሚያው ይደርቅና ተኝታ ትቀራለች። እናንተ እያነሣችኋት ቢሆን አይጠቅማትም። ከፍ ያለ፣ የማይሰረጉድ የሣንቃ አልጋ ፈልጉላት፤ ከጫፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን መሬት ታስረግጥና ራሷ ትነሣለች።»

የኛ አልጋ የጠፍር ነው። ሠላሳ ዓመት ስለተኛንበት መሐሉ ሰርጉዶ፣ አንዴ የገባበት ጤነኛ ሰው እንኳ ሳይንከባለል አይወጣም። ስለዚህ እናትነሽን ጠዋትና ማታ የምናነሣት እኔና የአብዱልጀሊል ሚስት ሰሊሃ ነበርን። እናትነሽ በሰፈራችን ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ቀድማ የምትጠራ፣ ሌላውን ደግፋ የምታነሣ ሰው ስለነበረች፣ ሰው እሷን ሲያነሣት አይሆንላትም። በብብቷ ሥር እጃችንን ስናስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ሳምንት፣ «ገብሬ፣ ሌላ ነገር አልለምንህም፤ ብቻዬን የምነሣበትን ነገር ፈልግልኝ» አለችኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አናጺው ወልደአረጋይ ነበር። ወልደአረጋይ የአንኮበርን በርና መስኮት ግማሹን የሠራ ሰው ነው። «ሣንቃ ካመጣህልኝ በሁለት ቀን አቆምልሃለሁ፤ ሣንቃ ግን የሚፈቀደው ለማኅበራችን ነው፤ ማኅበራችን ደግሞ ዘንድሮ የሚሠራው የስብሰባ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው» አለኝ። ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰማበት ወንበር ተኝቶ ከሚነሣበት አልጋ መቅደሙን ተረድቼ ተመለስኩ። በዚህ ዓይነት ነው ወደ እርስዎ ድርጅት የመጣሁት።

እንግዲህ ምስጋናዬን ለአነባበብ እንዲመች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሥዕሉ አመሰግናለሁ።

በጥር ወር ደብረ ብርሃን ወዳለው ቅርንጫፍዎ ሄጄ አልጋ መግዛት እንደምፈልግ ስናገር፣ የመጋዘኑ ጸሐፊ ጓድ ዘርአ ዳዊት በሲባጎ ከባንኮኒው ጋር የታሰረ የሥዕል መጽሔት ከፈቱልኝ። ዕቃውን ራሱን ማየት ይቻል እንደሆነ ብጠይቃቸው «ያለን ሥዕሉ ነው» አሉኝ። ሥዕሉ በእውነት ያማረ ነው። አልጋው ራስጌው ሰፊ፣ እግሩ ወፍራም፣ አጠገቡ ኮሞዲኖ ያለው፣ ከኋላው ደግሞ ባሕር የሚታይበት መስኮት ያለው ነው። መስኮቱ ከአልጋው ጋር አብሮ እንደማይመጣ እንኳ በትሕትና አስረዱኝ። ከፍታው ስንት እንደሆነ በመጽሔቱ ላይ ስላልተጻፈ ጠየቅኋቸው።

«ሰው የሚተኛበት ያህል ነው» አሉኝ።

«ለታመመ ሰው ስለሆነ ነው፤ ጉልበት ድረስ መድረሱን ማወቅ ነበረብኝ።»

«ጓድ መምህር፣ እኔም እንደርስዎ ያየሁት እዚሁ ላይ ነው።»

ማስመሪያዬን ከኪሴ አውጥቼ ሥዕሉን ለካሁት። ከፍታው አንድ ሣንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። ከሥዕሉ ላይ ኮሞዲኖውን ለክቼ፣ ኮሞዲኖ በተለምዶ ይህን ያህል ነው ብዬ ገምቼ፣ ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የማስተምረውን የንጽጽር ስሌት ሠርቼ ጉልበት ድረስ ይደርሳል ከሚል ውጤት ላይ ደረስኩ። የድጋፍ ደብዳቤ ከቀበሌ፣ የሐኪም ማስረጃ ከሆስፒታል አያይዤ፣ ዋጋውን አስቀድሜ ከፍዬ አዘዝኩ። ለእናትነሽ አልጋውን በደብተር ወረቀት ላይ ሥዬ ወሰድኩላት። ለረጅም ጊዜ አየችውና «ራስጌው ላይ እጅ የሚይዝበት አለው?» አለችኝ። አለው አልኳት። ወረቀቱን ከራስጌዋ ግድግዳ ላይ በእሾህ ሰካችው። ከጥር እስከ ሰኔ እዚያው ተሰክቶ ቆየ።

2ኛ. ስለ ርክክቡ አመሰግናለሁ።

በሰኔ ወር ዕቃዬ መድረሱን የሚገልጽ ወረቀት ደርሶኝ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። በመጋዘኑ ግቢ ውስጥ በምስማር የተመታ ረጅም የእንጨት ሣጥን አገኘሁ። በላዩ በቀይ ቀለም «አልጋ — አንድ» ይላል። ከፍቼ ልየው ብል ጓድ ዘርአ ዳዊት ሣጥን በግቢው ውስጥ መክፈት ክልክል መሆኑን ነገሩኝ። እሺ አውጥቼ ውጭ ልክፈተው ብል ሳይፈረም ከግቢ እንደማይወጣ ነገሩኝ። የሚፈረምበት ቅጽ ደግሞ «ዕቃውን አይቼና መርምሬ ተረክቤአለሁ» ይላል።

«አላየሁትም እኮ፣ ጓድ።»

«ይገባኛል።»

«ታዲያ አይቻለሁ ብዬ እንዴት ልፈርም?»

«ሁሉም እንደዚያው ነው የሚፈርመው። ቅጹን እኔ አላወጣሁትም።»

እኚህ ሰው ክፉ አለመሆናቸውን በዚህ አጋጣሚ ልመስክርላቸው እወዳለሁ። በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ ካፖርታቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ነው የሚሠሩት፤ የቤት ዕቃ ማከፋፈያ ጸሐፊ ሆነው ሳለ የሚቀመጡት በባዶ ሣጥን ላይ ነው። ፈረምኩ። ሰው ባላየው ነገር ላይ ሲፈርም እጁ እንዴት እንደሚሆን እርስዎም አንድ ቀን ደርሶብዎት እንደሆነ አላውቅም።

አብዱልጀሊል በሚያውቀው ኤንትሬ መኪና ጭነን ጎረቤላ ደረስን። መኪናው ቤታችን ድረስ ስለማይገባ አቀበቱን ስድስት ሰዎች ተሸከሙት። ሰሊሃ ከግድግዳው ጋር አስደግፋ ያስቀመጠቻት እናትነሽ አዲስ አንሶላ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቅ ነበር። አብዱልጀሊል ምስማሩን ነቅሎ ክዳኑን ሲያነሣው መጀመሪያ የታየን መስታወት ነው። ከዚያ መሳቢያ። አራት መሳቢያ፣ ሁለት ባለ መስታወት በር፣ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም፣ ሰሐንና ብርጭቆ የሚደረደርበት ቡፌ ነበር። እግሮቹ በሣጥኑ ውስጥ የሉም፤ የብሎኑ ከረጢት አለ፣ ባዶ ነው።

እናትነሽ ከተቀመጠችበት ሆና «ራስጌው የትኛው ነው?» አለች። ሰሊሃ፣ እግዜር ይስጣትና፣ የሆነ ነገር መባል ስላለበት ብቻ «አልሐምዱሊላህ፣ መስታወቱ እንኳ አልተሰበረም» አለች። እናትነሽ አንሶላውን አጥፋ ከጎኗ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ከጓድ ዘርአ ዳዊት ጋር ያደረግነው ንግግር አጭር ስለነበረ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«የመጣልኝ ቡፌ ነው።»

መዝገቡን ገልጠው አዩ። «እዚህ አልጋ ይላል።»

«መዝገቡ ላይ ሊሆን ይችላል። ቤቴ ያለው ግን ቡፌ ነው።»

«ይህ ፊርማ የርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲያው፣ ጓድ መምህር፣ አልጋ አለዎት።»

ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ አልጋ በላይ ስለማይፈቀድ ሌላ ማዘዝ እንደማልችል፣ ያለኝ መንገድ ለዋናው መሥሪያ ቤት አቤቱታ መጻፍ ብቻ እንደሆነ፣ አጣሪ እስኪመጣም ቡፌው እንዳለ መቆየት እንዳለበትና አንድ ምስማር እንኳ እንዳይነካው አስጠነቀቁኝ። አናጺው ወልደአረጋይ ወሬውን ሰምቶ ሊያይ መጣ። ቡፌውን ዞሮ በዓይኑ ለካው፤ በመዳፉ ዳበሰው። «ጥሩ ሣንቃ ነው። ስጠኝና ከነገ ወዲያ አልጋ አድርጌ ላምጣልህ፤ ራስጌም ይተርፈዋል» አለኝ። እናትነሽ ከተኛችበት ታየኝ ነበር። እኔም አጣሪ ይመጣል፣ የመንግሥት ንብረት ነው፣ አይነካም ተብያለሁ አልኩ። በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ታዛዥ ሆኛለሁ፤ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ታዛዥነት ግን የለኝም። ወልደአረጋይ መጋዙን ይዞ ሄደ። አጣሪው እስከ ዛሬ አልመጣም።

3ኛ. ስለ ቡፌው አመሰግናለሁ፤ ይህኛውን ምስጋና ግን ያለ ምንም ሽሙጥ እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ።

ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ቡፌውን ማስቀመጥ የተቻለው ከአልጋችን ጎን እስከ በሩ አቅጣጫ ባለው ግድግዳ ብቻ ነበር። እግር ስለሌለው አብዱልጀሊል ጠፍጣፋ ድንጋዮች አምጥቶ አስተካክሎ አስቀመጠው። ሦስት ሰው ቢገፋው የማይነቃነቅ ሆነ። ክረምቱን እንዲሁ ከረመ። እኔ በሐምሌ የመጀመሪያውን አቤቱታ ጻፍኩ፣ በነሐሴ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን፣ ከዚያም ቀጠልኩ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት የተከፈተ ሳምንት ነው። ከቀትር በኋላ ወደ ቤት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ስገፋው እናትነሽ ቆማለች።

ሁለት እጇ የቡፌውን ጠርዝ ይዟል። ፊቷ ላብ በላብ ነው። ልሮጥ ስል «አትምጣ» አለችኝ። «እዚያው ቁም። ሰሊሃም የለችም። ብቻዬን ነኝ።» የታችኛውን መሳቢያ እጀታ ይዛ ከስርጉዱ ወጥታ፣ በላይኛው እጀታ ጉልበቷን አቃንታ፣ ከዚያ ጠርዙን ይዛ መነሣቷን ኋላ ነገረችኝ። ስንት ቀን ስትሞክር እንደሰነበተች አልነገረችኝም። እኔ ደጃፉ ላይ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ እሷ ቡፌውን ይዛ ቆመች። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ቁመቷን ሳየው ከማስታውሰው ረጅም መሰለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲያ በየቀኑ ተነሣች። ቀጥላም ጠርዙን ይዛ ወደ ጎን መራመድ ጀመረች። በአልጋው በኩል ያለውን የቡፌውን ጫፍ አንኮበር አለችው፤ በበሩ በኩል ያለውን ጫፍ ደብረ ብርሃን። ከትምህርት ቤት ስመለስ «ዛሬ የት ደረስሽ?» እላታለሁ፤ «ግማሽ መንገድ ላይ መኪናው ተበላሸ» ትለኛለች። ሰሊሃ ሥራዋን እየተወች መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታያት ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ደብረ ብርሃን ገባች። በኅዳር ቡፌውን ለቀቀችና ሦስት እርምጃ ተራምዳ መቃኑን ያዘች፤ ከዚያ ወደ ውጭ እያየች «ጫጫ ደርሻለሁ። አዲስ አበባ ከመግባቴ በፊት ለሥራ አስኪያጁ የምትልከው መልእክት ካለህ ንገረኝ» አለችኝ።

መልእክት ነበረኝ፤ በዚያው ሳምንት ጻፍኩት። ሰባተኛው ደብዳቤዬ እሱ ነው። አቤቱታዬን ሙሉ በሙሉ ማንሣቴን፣ በተላከልን ዕቃ መደሰታችንን፣ ማንም እንዳይደክምብን፣ ቡፌውም ባለበት እንዲቆይልን በቀይ ቀለም አስምሬ ለመንኩ። ደብዳቤው ስለ መድረሱ የተፈረመበት ደረሰኝ በእጄ አለ።

4ኛ. ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ።

ጥር 18 ቀን ረቡዕ ነበር። ተማሪዎች የዕለቱን ፈተና በጠዋት ስለጨረሱ ከረፋዱ ጀምሮ እቤት ነኝ። አንድ የድርጅትዎ ሠራተኛ ቦርሳ አንግቶ ሁለት ጫኞች አስከትሎ አቀበቱን ወጣ። በር ላይ ቆሞ ወረቀት አወጣና አነበበልኝ፦ በሐምሌ ወር ያቀረቡት አቤቱታ ተመርምሮ ተቀባይነት ያገኘ ስለሆነ ያልታዘዘው ዕቃ እንዲነሣልዎ ተወስኗል። ከዚያም «እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ።

አቤቱታዬን አንሥቻለሁ አልኩት። የደብዳቤዬን ደረሰኝ አሳየሁት። ሰውየው በትዕግሥት አየውና፣

«ይህ ሰባተኛው ነው» አለኝ። «እኛ የመጣነው በመጀመሪያው ነው። ይኼኛው ተራው ሲደርስ ይታያል።»

«ተራው ሲደርስ ቡፌው እዚህ አይኖርም።»

«አዎ» አለ። «እሱ ልክ ነው።»

እዚህ ላይ፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ተራ ቁጥሬን ማቆም ይኖርብኛል። የሚቀጥለው በቁጥር የሚጻፍ አይደለም።

ይህን ስንነጋገር እናትነሽ ቆማ ነበር። ቡፌው መሐል ላይ ደርሳ፣ ሁለት እጇን ጠርዙ ላይ አድርጋ ንግግራችንን ትሰማለች። ጫኞቹ ገብተው ግራና ቀኝ ቆሙ። ትልቁ፣ ፀጉሩ የሸበተው፣ ጠጋ ብሎ በዝግታ «እናቴ፣ እጅዎን ያንሡልን» አላት።

«አንሥቼ የት ላድርገው?» አለችው።

የተቆጣች አልመሰለችም፤ ማወቅ ፈልጋ እንደምትጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችው። ጫኙ መሬት መሬት አየ። ከደጅ ያለው የድርጅትዎ ሠራተኛ ወረቀቱን ያጥፋል ይዘረጋል። እኔ ባሏ ደረሰኜን እንደያዝኩ መሐላቸው ቆሜአለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆሜ የተናገርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ሰዓት ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። ሰሊሃ ናት ከደጅ ገብታ «ነይ፣ እኔን ያዢ» ብላ ትከሻዋን የሰጠቻት። እናትነሽ መጀመሪያ አንዱን እጇን፣ ከዚያ ሁለተኛውን አነሣች። ወደ አልጋው ሲመልሷት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ቡፌው ሲወጣ አንዱ መስታወት ከመቃኑ ጋር ተጋጭቶ ተሰነጠቀ። የድርጅትዎ ሠራተኛ ጥንቁቅ ሰው ስለሆነ ወዲያው በቅጹ ላይ አሰፈረው፤ እንድፈርምም ሰጠኝ። ቅጹ የሚለው እንዲህ ነበር፦ «አንድ አልጋ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ተመላሽ ሆኗል።» በመዝገብ ላይ ያለው አልጋ ስለሆነ ተመላሹም አልጋ መባል እንዳለበት አስረዳኝ። በዚህ ጊዜስ አይቼና መርምሬ ፈረምኩ።

በሳምንቱ አልጋ ላዝዝ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ጓድ ዘርአ ዳዊት ሳያዩኝ ሊቀሩ እንደፈለጉ ገባኝ። አልጋ ተረክቦ የመለሰ ደንበኛ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሁለተኛ ማዘዝ እንደማይችል ነገሩኝ። ከዚያ ከተቀመጡበት ሣጥን ተነሡና «ይህን ይቀመጡበት፤ ከሩቅ ነው የመጡት» አሉኝ። አልተቀመጥኩም፤ ደግነታቸውን ግን አልረሳውም።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ። ከጣሪያው ወራጅ ላይ ገመድ አሠርኩላት። ገመዱ ይዞራል፤ እሷም አብራ ዞራ በየካቲት ወር በጎኗ ወደቀች። የምንኖርበት ቤት የቀበሌ ስለሆነ ወለሉን ቆፍሬ ምሰሶ ለመትከል ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ ተራው አልደረሰም። ወልደአረጋይ ከአግዳሚ ወንበሮቹ የተረፉ ቁርጥራጮች በርኖሱ ሥር ይዞ እየመጣ ነው፤ እስካሁን የመጡት ተደምረው አንድ ክንድ የሚሞሉ አልሆኑም። እናትነሽ ከወደቀች ወዲህ ልሞክር አላለችም። እኔና ሰሊሃ ጠዋትና ማታ እናነሣታለን፤ ከብዳናለች፣ ወይም እኔ አርጅቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ጉልበቷን ይዞ ለማጠፍ ሞከረና ተወው። መቆም ያቆመችው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ቀኑን ነገርኩት። «ጥሩ ይዛ ነበር» አለ።

ስለዚህ የተከበሩ ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ አልጋ አልጠይቅዎትም። አልጋ ከእንግዲህ ይጠቅማት እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም። የምጠይቅዎት ያ ቡፌ፣ መስታወቱ እንደተሰነጠቀ፣ እግር እንደሌለው፣ ወደዚህ እንዲመለስልን ነው። በትክክለኛው መንገድ ሊመለስ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ቡፌ አላዘዝኩም፣ በመዝገብ ላይም ቡፌ ኖሮኝ አያውቅም። መጀመሪያ የመጣው በስህተት ነውና ሁለተኛም በስህተት ይላኩልን። ሣጥኑ ላይ የፈለጉትን ይጻፉበት። ሳልከፍት እፈርማለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ቅጾችዎ፣ ስለ ሥዕሎችዎ፣ አቤቱታን ችላ ስለማይል ድርጅትዎ የማይቋረጥ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ይህን ደብዳቤ በጉልበቴ ላይ ጽፌ ከአልጋችን ጠርዝ ላይ እንደተቀመጥኩ በታላቅ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
መምህር ገብረጻድቅ ባፈና

ግልባጭ፦
– ለጓድ ዘርአ ዳዊት፣ ደብረ ብርሃን ቅርንጫፍ መጋዘን
– ለቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከድርጅትዎ የደንበኞች አስተያየት መሰብሰቢያ ቅጽ በፖስታ ደርሶናል፤ ስለ አልጋው ነው። ባለቤቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የለየች ስለሆነች በራሷ እጅ እንድትሞላው ሰጠኋት። «በዕቃው ላይ ያዩት ጉድለት ካለ ይግለጹ» ከሚለው ሥር «አላየሁም» ብላ ጽፋለች። አላየሁም ያለችው አልጋውን ነው። ጸሐፊዎችዎ ጉድለት አላየችም ብለው ከመዘገቡት ግን እንዳይቸገሩ፤ በዚህ ላይ አቤቱታ አናቀርብም፤ አቤቱታችን ተቀባይነት ሲያገኝ የሚመጣውን አይተናል።